ዓለም አቀፍ ፈተናና የጀርመን አገር ትምህርት ቤቶች

ከ12ኛ ክፍል ተማሪ የቀረበ

ፈተና ሲባል ሁላችንም የምናስበው ተማሪ ከተማሪ የሚለይበትን ነው። መምህሩ ጥያቄ ያወጣል፥ ተማሪው ይመልሳል፥ ያወቀ ያልፋል፥ ያላወቀ ይወድቃል። በዚህ ዓይነቱ ፈተና ሌሊቱን ሳይተኛ ያላደረ ሰው በዚህ ግቢ ውስጥ የሚገኝ አይመስለኝም። አገርን ከአገር ጋራ አሰልፎ መፈተን ግን አዲስ ነገር ነው፤ ዕድሜው ከሰባ ዓመት ብዙም አይርቅም። ይሁን እንጂ በዚህ አጭር ዕድሜው ሚኒስትሮችን አስደንግጧል፥ ብዙ ሚሊያርድ ገንዘብ ከመንግሥት ግምጃ ቤት አስወጥቷል፥ ለረጅም ዘመን ተከብሮ የኖረውንም የትምህርት ሥርዓት ነቅንቋል።

በዚህ የበዓል መጽሔት ላይ ጓደኞቼ ስለ ትምህርት ቤታችን መሥራቾች፥ ስለ ኳስ ቡድኑና ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ስለሚጽፉ፥ እኔ ራቅ ወዳለ ነገር ሄጄ ይህን ታሪክ ለማቅረብ አሰብሁ። ነገሩ ከኛ የራቀ የሚመስለው ግን ለጊዜው ብቻ ነው። ዘንድሮ የመልቀቂያ ፈተና የምንቀመጥ ተማሮች፥ ፈተና የሚመዝነው እኛን ይሁን ወይስ ያስተማረንን ሥርዓት ብለን መጠየቅ ይገባናል። ዓመተ ምሕረት ብዬ ካላመለከትሁ በቀር፥ ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢው ይገንዘብልኝ።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። በ1957 ሶቭየት ኅብረት ስፑትኒክ የተባለችውን ሰው ሠራሽ ጨረቃ ወደ ሰማይ በላከች ጊዜ፥ በአሜሪቃና በምዕራብ ኤውሮጳ ታላቅ ድንጋጤ ሆነ። ብዙ ሰዎችም ሩስያኖች የቀደሙን በትምህርት ቤታቸው ይሆን ወይ እያሉ ይጠይቁ ጀመር። በ1958 ደግሞ በሰሜን ጀርመን ባለችው የወደብ ከተማ በሐምቡርግ፥ በዩኔስኮ የትምህርት ኢንስቲትዩት ውስጥ ጥቂት ሊቃውንት ተሰበሰቡ። ከመካከላቸው የሥነ ልቡና፥ የኅብረተሰብ ጥናትና የመለኪያ ጥበብ ዐዋቂዎች ነበሩ። ሐሳባቸውም የሚከተለው ነበር። አንዱ አገር ልጆቹን ገና በ10 ዓመታቸው በየመደባቸው ይለያያል፤ ሌላው እስከ 16 ዓመታቸው ድረስ በአንድነት ያስተምራቸዋል። አንዱ ልጆቹን በ5 ዓመታቸው ትምህርት ቤት ያስገባል፤ ሌላው 7 ዓመት እስኪሞላቸው ይጠብቃል። የትኛው እንደሚሻል ለማወቅ ብሎ በገዛ ልጆቹ ላይ እንዲህ ያለ ሙከራ የሚያደርግ መንግሥት የለም። ነገር ግን ዓለም ሳታውቀው ሙከራውን ራሷ እያደረገችው ነው፤ ስለዚህ የሚቀረው በአንድ መለኪያ መለካት ብቻ ነው አሉ።

ሊቃውንቱ በመጀመሪያ በ12 አገሮች ትንሽ ሙከራ አደረጉ። ይህም አንድ ፈተና ወደ ብዙ ቋንቋ ተመልሶ በየአገሩ ሊሰጥ እንደሚቻል አሳየ። ከዚያ በኋላ በ1964 የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ የሒሳብ ጥናት በ12 አገሮች አካሄዱ፤ የተፈተኑትም ከ130,000 የሚበልጡ ተማሮች ነበሩ። ውጤቱ በ1967 በሁለት ቅጽ ታተመ። የዚህ ሥራ መሪ ፕሮፌሰር ቶርስተን ሁሴን ይባሉ ነበር፤ ስማቸውን ለሚሰማ ሰው የኛ አገር ሰው ይመስላሉ እንጂ ስዊድናዊ ናቸው። እርሳቸውና ጓደኞቻቸው ጥናቱ የፈረስ እሽቅድምድም እንዳልሆነ፥ ዓላማውም አንደኛና መጨረሻ የወጣውን ለማወቅ ሳይሆን የልዩነቱን ምክንያት ለመረዳት እንደ ሆነ ደጋግመው ተናገሩ። ነገር ግን ሰንጠረዡ አንድ ጊዜ ከታተመ በኋላ ምክር የሚሰማ ሰው አልተገኘም። ጃፓን ከፍ ብላ፥ አሜሪቃ ዝቅ ብላ መታየቷን ጋዜጦች ጻፉ። የሰው ልጅ ሰንጠረዥ ሲያይ ዓይኑ በቅድሚያ የሚሄደው ወደ ራሱ ስም ነው፥ ቀጥሎም ወደ ጎረቤቱ ስም ነው። ይህን ለማወቅ የውጤት ወረቀት በሚለጠፍበት ቀን ከማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት መቆም ይበቃል።

እንዲህ ያለው ቍጥር በፖለቲካ ላይ ያለውን ኃይል አስቀድሞ ያሳየው የአሜሪቃ ነገር ነው። በ1983 በፕሬዚዳንት ሬጋን ዘመን የትምህርት ሚኒስትሩ ያቋቋሙት ኮሚሲዮን አገሪቱ በአደጋ ላይ ናት የሚል መግለጫ አወጣ። በመግለጫው ውስጥ ከቀረቡት ማስረጃዎች አንዱ፥ አስቀድሞ በተደረጉ 19 ዓለም አቀፍ ፈተናዎች የአሜሪቃ ተማሮች አንድ ጊዜ እንኳ አንደኛ ወይም ሁለተኛ አለመውጣታቸው፥ ከኢንዱስትሪ አገሮችም ጋራ ሲነጻጸሩ 7 ጊዜ መጨረሻ መሆናቸው ነው። ከዚያ ወዲያ አሜሪቃ፥ መቀመጫው በፓሪስ የሆነው የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት የየአገሩን የትምህርት ውጤት በቍጥር እየሰበሰበ እንዲያወጣ ትገፋ ጀመር። የፒሳ ፈተና የተወለደው ከዚህ ግፊት ነው። ልብ ብለን ብናይ፥ ነገሩን የጀመሩት ለማወቅ የሚሹ ሊቃውንት ነበሩ፤ በኋላ የተረከቡት ግን መንግሥቶች ናቸው።

አሁን ወደ ጀርመን አገር እንምጣ። የታሪኩ ዋና ክፍል ይህ ስለ ሆነ ትንሽ ቆም ብለን ማየት ይገባናል።

ጀርመኖች በትምህርት ቤታቸው ይመኩ ነበር፤ መመካታቸውም ያለ ምክንያት አልነበረም። የዩኒቨርሲቲን ጥናት ከምርምር ጋራ ያዋሐደው ሁምቦልት የተነሣው ከእነርሱ ነው። ሙያ የሚማረው ልጅ ከፋብሪካና ከትምህርት ቤት እየተመላለሰ የሚሠለጥንበትን ዘዴያቸውንም ሌሎች አገሮች ይቀኑበት ነበር። ጀርመን ለረጅም ጊዜ በዓለም አቀፍ ፈተና ብዙም አልተካፈለችም። በ1995 በተደረገው ቲምስ በተባለው የሒሳብና የሳይንስ ፈተና መካከለኛ ስፍራ ማግኘቷ በታወቀ ጊዜ ግን ዐዋቂዎቹ ተረበሹ። በጥቅምት 1997 የ16ቱ የጀርመን ክፍላተ አገር የትምህርት ሚኒስትሮች በኮንስታንትስ ከተማ ተሰብስበው፥ ወደ ፊት በእንዲህ ያለው ፈተና ዘወትር እንዲካፈሉ ወሰኑ። በጀርመን አገር ትምህርት የማዕከላዊው መንግሥት ሥራ ሳይሆን የየክፍለ ሀገሩ ሥራ መሆኑን እዚህ ላይ ማስታወስ ያስፈልጋል። ስለዚህ 16ቱ በአንድ ነገር መስማማታቸው ራሱ ያልተለመደ ነበር።

የፒሳ የመጀመሪያ ፈተና በ2000 በ32 አገሮች ለሚገኙ 265,000 ያህል የ15 ዓመት ልጆች ተሰጠ። ፈተናው ልጁ በክፍል ውስጥ የተማረውን ምዕራፍ በቃሉ እንዲደግም አይጠይቅም፤ ይልቁንም ያነበበውን ተረድቶ ሊሠራበት መቻሉን ይመረምራል። ከጥያቄዎቹ አንዱ ስለ ቻድ ሐይቅ የሚናገር ነበር። የሐይቁ ጥልቀት በብዙ ሺህ ዓመታት ውስጥ እንዴት ከፍና ዝቅ እንዳለ የሚያሳይ ሥዕል ቀርቦ፥ ተማሪው ከሥዕሉ ላይ አንብቦ እንዲመልስ ይጠየቃል። በክፍላችን ውስጥ ስለ ራይን ወንዝ የምንማር እኛ፥ የጀርመን ልጅ በአፍሪቃ ሐይቅ መፈተኑን ስናነብ ፈገግ ማለታችን አልቀረም።

ውጤቱ ታኅሣሥ 4 ቀን 2001 ወጣ። መለኪያው የተዘጋጀው የድርጅቱ አባል አገሮች አማካይ 500 እንዲሆን ተደርጎ ነው። ጀርመን በንባብ 484፥ በሒሳብ 490፥ በሳይንስ 487 አገኘች። በንባብ ውጤታቸው ከታተመላቸው 31 አገሮች 21ኛ ሆነች፤ አንደኛ የወጣችው ፊንላንድ 546 ነበራት። ከጀርመን ልጆች መካከል 23 ከመቶ የሚሆኑት ቀላል ጽሑፍ እንኳ አንብበው መረዳት የሚያስቸግራቸው ሆነው ተገኙ። ጋዜጦቹና ቴሌቪዥኑ ሌላ ወሬ ያላቸው አልመሰሉም፤ ጀርመኖችም ይህን ጊዜ እስከ ዛሬ የፒሳ ድንጋጤ እያሉ ይጠሩታል።

እኔ ግን ከሁሉ የከበደው ነገር ደረጃው አይመስለኝም። 21ኛ መሆን ያሳፍራል፥ ይሁን እንጂ እፍረት በሚቀጥለው ዓመት ይረሳል። ከባዱ ሌላ ነው። ፈተናው ከተሰጣቸው አገሮች ሁሉ በሀብታም ልጅና በድኃ ልጅ መካከል ያለው የንባብ ልዩነት የበለጠው በጀርመን መሆኑ ታወቀ። ትምህርት ቤቱ ሁሉን በችሎታው ይለያል ተብሎ ሲታመን፥ በእውነቱ ልጁን ወደ መጣበት ቤት መልሶ ይሰደው ነበር ማለት ነው።

ይህ እንዴት ሊሆን እንደ ቻለ ለመረዳት የሥርዓቱን አሠራር ማወቅ ይጠቅማል። በአብዛኛው ጀርመን ልጆች 4 ዓመት በአንድነት ከተማሩ በኋላ በ10 ዓመታቸው በሦስት መንገድ ይከፈሉ ነበር። ጊምናዚየም የተባለው ወደ ዩኒቨርሲቲ ይወስዳል፤ ሬያልሹሌ የተባለው ወደ መካከለኛ ሥራ፥ ሐውፕትሹሌ የተባለው ደግሞ ወደ እጅ ሥራና ወደ ፋብሪካ ይመራል። በ10 ዓመቱ የተለየ ልጅ በኋላ መንገዱን መለወጡ በሕግ አልተከለከለም፤ በተግባር ግን ወደ ታች የሚወርደው ብዙ፥ ወደ ላይ የሚወጣው ጥቂት ነበር። የ10 ዓመት ልጅ ገና ምን እንደ ሆነ ማን ያውቃል? በዚያ ዕድሜው መልካም ሆኖ የሚታየው ብዙ ጊዜ በቤቱ መጽሐፍ ያለው፥ አባቱና እናቱ የቤት ሥራውን የሚያዩለት ነው። በትምህርት ቤት ያለው ጊዜም አጭር ነበር፤ ተማሮች በምሳ ሰዓት ወደ ቤታቸው ስለሚሄዱ፥ ከቀትር በኋላ የሚያስተምራቸው ቤታቸው ነበር። የተማረ ወላጅ ያለው ይማራል፤ ከቱርክ ወይም ከሌላ አገር ለሥራ የመጡ ሰዎች ልጅ፥ ጀርመንኛ የሚያስረዳው ሳያገኝ ይውላል።

ከድንጋጤው በኋላ ሥራው በፍጥነት ተጀመረ። ውጤቱ በወጣ በማግሥቱና በሠልስቱ የትምህርት ሚኒስትሮቹ ጉባኤ ተቀምጦ ሥራ የሚሠራባቸውን 7 መስኮች አስታወቀ። በ2002 ደግሞ ክፍላተ አገሩ እርስ በርሳቸው የተነጻጸሩበት ውጤት ወጣ፤ በንባብ ባየርን 510፥ ብሬመን 448 አገኙ። ይህ ከመጀመሪያው ይልቅ መራራ ነበር፤ በአንድ ባንዲራ ሥር ያሉ ልጆች እንደ ሁለት አገር ሰዎች ሆነው ተገኝተዋልና። በ2003 እና በ2004 ለመላው አገር የሚሆን የትምህርት መመዘኛ ተወሰነ። ቀድሞ ሥርዓተ ትምህርቱ ምን ይማሩ የሚለውን ብቻ ይነግር ነበር፤ አዲሱ መመዘኛ ግን ልጁ በዚህ ክፍል ሲደርስ ምን መሥራት ይችል የሚለውን ይናገራል። መመዘኛው መድረሱን የሚመረምር ኢንስቲትዩትም በ2004 በበርሊን ሁምቦልት ዩኒቨርሲቲ ተቋቋመ። ለሕፃናትም ገና ትምህርት ቤት ሳይገቡ ጀርመንኛ ማወቃቸውን መመርመርና የጐደላቸውን ማስተማር በብዙ ክፍላተ አገር ተጀመረ።

ከሁሉ ይልቅ በዓይን የሚታየው ለውጥ ግን የምሳው ነው። የማዕከላዊው መንግሥት ከ2003 ጀምሮ 4 ሚሊያርድ ኦይሮ አውጥቶ ከ8,000 የሚበልጡ ትምህርት ቤቶች የምግብ አዳራሽ፥ ቤተ መጻሕፍትና የመጫወቻ ክፍል እንዲሠሩ ረዳ፤ ይህም ልጆች ቀኑን ሙሉ በትምህርት ቤት እንዲውሉ ነው። በ2002 ቀኑን ሙሉ የሚውለው ከ10 ተማሮች አንዱ ያህል ነበር፤ ከ15 ዓመት በኋላ ግን ከ10 አራቱ ያህል ሆነ። የንባብ ፈተና ኵሽና አሠራ ቢባል የሚስቅ ሰው ይኖራል፤ ነገር ግን በአዳሪ ትምህርት ቤት የተማረ ሰው፥ ከቀትር በኋላ ያለው የጥናት ሰዓት ምን ያህል እንደሚጠቅም ስለሚያውቅ አይስቅም።

ውጤቱም ተሻሻለ። በ2012 ጀርመን በሒሳብ 514፥ በንባብ 508 አገኘች፤ ከአማካዩም በላይ ሆነች። የድኃውና የሀብታሙ ልዩነትም ጥቂት ጠበበ። ሐውፕትሹሌ የተባለውን ዝቅተኛውን ትምህርት ቤት ብዙዎቹ ክፍላተ አገር ከሬያልሹሌው ጋራ አዋሐዱት።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር ሳይነካ ቀረ፤ እርሱም ልጆችን በ10 ዓመታቸው መለያየት ነው። የዚህን ምክንያት የሚያስረዳን ደግሞ ያችው ሐምቡርግ ናት። የከተማይቱ መንግሥት ልጆች በአንድነት የሚማሩበት ጊዜ ከ4 ዓመት ወደ 6 ዓመት ከፍ እንዲል አሰበ፤ በምክር ቤቱ ያሉት ፓርቲዎች ሁሉ ተስማሙበት። የጊምናዚየም ተማሮች ወላጆች ግን ልጆቻችን ወደ ኋላ ይቀሩብናል ብለው ተነሡ፥ ፊርማም ሰበሰቡ። ሐምሌ 18 ቀን 2010 ነገሩ ለሕዝብ ድምፅ ቀረበና ወደቀ። ለመምረጥ በብዛት የወጡት በሀብታሞቹ ሰፈር የሚኖሩት ነበሩ፤ ለውጡ ይጠቅማቸዋል የተባሉት የድኆቹ ሰፈር ሰዎች ግን ብዙዎቹ ሳይመርጡ ቀሩ። የከተማይቱ ከንቲባም በዚያው ቀን ሥራቸውን እንደሚለቁ አስታወቁ። አገሮችን በአንድ ሚዛን የመመዘን ሐሳብ በ1958 የተነሣው በዚያች ከተማ ነበር፤ ሚዛኑ ዋና ሕመም ብሎ ያሳየውን ነገር እንዲቀር ያደረጉትም፥ ከ52 ዓመት በኋላ፥ የዚያችው ከተማ ሰዎች ናቸው። የፒሳ ሹም የሆኑት አንድሬያስ ሽላይኸር ራሳቸው በ1964 በሐምቡርግ የተወለዱ ናቸው።

ከዚህ የምንረዳው ፈተና የሚሠራው የሚያሳየውን የሚቀበል ሰው ባገኘበት ስፍራ እንደ ሆነ ነው። ገንዘብ ማውጣትን ሁሉም ተቀበለ፤ ጥቅሙን ማካፈልን ግን ሁሉም አልተቀበለም።

የፊንላንድንም ነገር ባልናገር ታሪኩ ይጐድላል። ከ2001 በኋላ የየአገሩ መልእክተኞች ምሥጢሩን ለማየት ወደ ፊንላንድ ጐረፉ። ያዩት ግን ብዙዎቹ ከጠበቁት የተለየ ነበር። ፊንላንድ ልጆችን በጊዜ መለያየትን የተወችው በ1970ዎቹ ነው፤ የአገር አቀፍ ፈተናም የምትሰጠው በመጨረሻ፥ ከሁለተኛ ደረጃ ለሚወጡት ብቻ ነበር። እንግዲህ ፈተና የማታበዛ አገር በፈተና አንደኛ ወጣች ማለት ነው። ኋላ ግን እርሷም ወረደች፤ በ2006 በሒሳብ 548 የነበረው ውጤቷ በ2022 484 ሆነ። ጀርመንም በዚያው በ2022 በሒሳብ 475፥ በንባብ 480፥ በሳይንስ 492 አግኝታ፥ በሒሳብና በንባብ ፒሳ ከተጀመረ ወዲህ ከነበራት ሁሉ ዝቅ አለች። በመካከሉ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ነበር፤ ብዙ ስደተኛ ልጆችም ገብተው ነበር፤ ነገር ግን መውረዱ ከዚያ አስቀድሞ እንደ ጀመረ ቍጥሮቹ ያሳያሉ። ከነሐሴ 2024 ጀምሮ ጀርመን በ10 ዓመት ውስጥ 20 ሚሊያርድ ኦይሮ፥ የድኃ ልጆች ለሚበዙባቸው 4,000 ያህል ትምህርት ቤቶች እንዲውል መስጠት ጀምራለች።

ፈተናውን የሚነቅፉም አሉ። በ2014 ከብዙ አገር የተሰበሰቡ መምህራንና ሊቃውንት ለሽላይኸር ግልጽ ደብዳቤ ጻፉ። ፈተናው በየ3 ዓመቱ ስለሚመጣ መንግሥቶች በቶሎ የሚታይ ነገር ብቻ ይሻሉ፤ የሚለካው ነገር ያልተለካውን፥ ማለት ግብረ ገብን፥ ሥነ ጥበብንና የዜግነትን ትምህርት፥ ከክፍል ያስወጣል አሉ። ይህ ክስ እውነትነት አለው። እኔ ራሴ አስቀድሞ በተማርሁበት ሌላ ትምህርት ቤት፥ አንድ መምህር የታሪክን መጽሐፍ እየገለጡ ይህ በፈተና አይመጣም እያሉ ምዕራፎችን ያዘልሉን ነበር። ስለ አድዋ የሚናገረው ከተዘለሉት አንዱ ነበር። ይሁን እንጂ ፈተናው ባይኖር ኖሮ የጀርመን መንግሥት የድኃው ልጅ መበደሉን በዚያ ሁኔታ አያውቅም ነበር፤ ቢያውቅም ዝም ማለት ይቻለው ነበር። ስለዚህ ሁለቱን ሳስተያይ መመዘኑ ይሻላል እላለሁ።

ይህን የመሰለ ነገር ወደ አገራችንም ደርሷል። ኢትዮጵያ እስከ 2022 ድረስ በፒሳ አልተፈተነችም፤ ነገር ግን ከውጭ በመጣ ሚዛን መመዘን ለኛ አዲስ አይደለም። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1943 በኮተቤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፥ በ1946 ደግሞ የጄኔራል ዊንጌት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ፥ ተማሮቻቸው ይፈተኑ የነበረው የለንደን ዩኒቨርሲቲን ፈተና ነው። አባቶቻችን የመልቀቂያውን ፈተና ማትሪክ ማለታቸው ከዚያ የመጣ ነው። ያን ፈተና የሚያልፍ ተማሪ በእንግሊዝኛ መማር ነበረበት፤ ስለዚህ ትምህርቱ ፈተናውን ተከተለ እንጂ ፈተናው ትምህርቱን አልተከተለም።

ከዚያ ይልቅ ለጊዜያችን የሚቀርበው በ2010፥ ማለት በ2002 ዓ.ም.፥ የተደረገው የታችኛው ክፍል የንባብ ምዘና ነው። ይህ ኢግራ የተባለው መለኪያ በአሜሪቃ የልማት ድርጅት ገንዘብ በብዙ ድኃ አገሮች የተሰጠ ነው። መርማሪው ከአንድ ሕፃን ጋራ ብቻውን ይቀመጣል፥ ሰዓት ይይዛል፥ ሕፃኑም በአንድ ደቂቃ ውስጥ የቻለውን ያነባል። በኢትዮጵያ በአማርኛ፥ በኦሮምኛ፥ በትግርኛ፥ በሶማልኛ፥ በሲዳምኛና በሐረሪ ቋንቋ ተሰጠ። የተገኘውም የሚያሳዝን ነበር፤ ከ2ኛ ክፍል ልጆች መካከል ሲሶው ያህል ከቀረበለት ጽሑፍ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻለም።

በዚህ መለኪያ ላይ የሚነሣ አንድ የቋንቋ ነገር አለ። በእንግሊዝኛ በደቂቃ የተነበቡትን ቃላት መቍጠር ቀላል ነው። በአማርኛ ግን «አልመጣችም» የምትለው አንዲት ቃል ለእንግሊዙ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ናት። የፊደሉም ነገር እንዲሁ ነው፤ የእንግሊዝ ሕፃን 26 ፊደል ሲያጠና የኛ ሕፃን ከሀ እስከ ፐ 231 ይለያል፤ ኦሮምኛ የሚያነበው ደግሞ በላቲን ፊደል የተጻፉ ረጃጅም ቃላት ያጋጥሙታል። ስለዚህ የአንዱን ቋንቋ ቍጥር ከሌላው ጋራ አስተያይቶ ይህ ክልል ከዚያ ይበልጣል ማለት አይገባም፤ ይህንም ፈተናውን ያዘጋጁት ራሳቸው አስጠንቅቀዋል። ነገር ግን ምንም ማንበብ አለመቻል በየትኛውም ቋንቋ ያው ነው።

ከዚያ ምዘና በኋላ የትምህርት ሚኒስቴር የአፍ መፍቻ ቋንቋን ትምህርት እንደገና አዘጋጀ። በ7 ቋንቋዎች፥ ማለት በአማርኛ፥ በኦሮምኛ፥ በትግርኛ፥ በሶማልኛ፥ በሲዳምኛ፥ በወላይትኛና በሀዲይኛ፥ ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል አዲስ መጽሐፍ ተጻፈ፤ መምህራንም ንባብን እንዴት እንደሚያስተምሩ ሥልጠና ተሰጣቸው። የአንድ ደቂቃ ፈተና ይህን ያህል መጽሐፍ አስጻፈ ማለት ነው።

በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ኩረጃን ለማስቀረት ሲባል በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተሰጠ። በጥር ወር ውጤቱ ሲነገር ግማሹንና ከዚያ በላይ ያገኙት ከተፈተኑት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ የተናገረው ስለ ኩረጃና ስለ ተማሮቹ ስንፍና ነበር። እኔ ግን ቍጥሩን በሌላ መንገድ አሰላሁት። በዚያ ዓመት የተፈተነ ተማሪ ክፍል ሳይደግም ከመጣ፥ 2ኛ ክፍል የነበረው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ነው። ይህም ሲሶው አንዲት ቃል ማንበብ እንዳልቻለ ከታወቀ ከሁለት ዓመት በኋላ፥ አዲሱም መጽሐፍ ገና ወደ ክፍል ሳይደርስ ነው። የአንዱ ምክንያት ሌላው ነው ብዬ ለመወሰን አልደፍርም፤ በመካከሉ ብዙ ነገር አልፏል። ነገር ግን በ12ኛ ክፍል የታየው ጕድለት በ2ኛ ክፍል ታይቶ፥ ተቈጥሮ፥ ተጽፎ ነበር።

ዘንድሮ የምንፈተነው እኛ 2ኛ ክፍል የነበርነው አዲሶቹ መጻሕፍት ከመጡ በኋላ ነው። ይህ መጽሔት ታትሞ በእጃችሁ ሲገባ እኛ ወደ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ለፈተና ሄደናል፤ ውጤቱም ገና አልወጣም።